የጎን ነፋስን ማን ይሸከመዋል?
ቀላል አውሮፕላን፣ የእግር ፔዳልና የባሌ ደጋ

በባሌ ደጋ ላይ የተዘረጋው የሲናና ሜዳ በስንዴና በገብስ ምርቱ የታወቀ፣ በበልግም በመኸርም የሚዘራና የሚታጨድ ሰፊ ምድር ሲሆን፣ የሮቤ ከተማም በዚሁ ሜዳ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከሮቤ በስተደቡብ ጎባ፣ ከጎባም ባሻገር የሰነቴ አምባና እስከ 4,377 ሜትር የሚደርሰው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ከፍ ብለው ይታያሉ። ዛፍ በማይበዛበት በዚህ ሜዳና ከአጠገቡ በሚነሣው ተራራ መካከል የሚመላለሰው ነፋስ ለገበሬው እህሉን ከገለባው የሚለይለት ረዳት ነው፤ በሮቤም ሆነ በሌላ የደጋ ማረፊያ በአነስተኛ አውሮፕላን ለሚወርድ አብራሪ ግን አቅጣጫውና ኃይሉ በእያንዳንዱ በረራ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ብርቱ ጉዳይ ነው። በተለይም ነፋሱ ከፊት ወይም ከኋላ ሳይሆን ከጎን ሲመጣ፣ ማረፍና መነሣት ከአብራሪው የተለየ ችሎታ፣ ከአውሮፕላኑም የተለየ አሠራር ይጠይቃሉ።

አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ይህን የጎን ነፋስ የሚቋቋሙት አብራሪው በእግሩ በሚረግጣቸው ሁለት ፔዳሎች አማካይነት ነው። ይሁንና በአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ እነዚህን ፔዳሎች ጨርሶ ያስቀሩ ቀላል አውሮፕላኖች ተሠርተው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አብርረዋቸዋል። ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን መመርመር አንድ መሠረታዊ እውነት ያሳያል፤ ይኸውም ፔዳል መኖሩም ሆነ አለመኖሩ ነፋሱን አያጠፋውም፣ የነፋሱን ጫና የሚሸከመውን አካል ብቻ ይለውጣል የሚለው ነው።

የማኮብኮቢያው ጣጣ

በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ነፋሱ ከጎኑ እንደሚገፋው ሆኖ አይሰማውም፤ ምክንያቱም በሚንቀሳቀስ የአየር ክምችት ውስጥ ስለሚበር ከአየሩ ጋር አብሮ ይጓዛል። ችግሩ የሚጀምረው መሬት ሲቃረብ ነው። ማኮብኮቢያው በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ጥርጊያ በመሆኑ አውሮፕላኑ ከአየሩ ጋር ወደ ጎን መንሳፈፉን ትቶ ከዚያ ከማይንቀሳቀስ መስመር ጋር መስማማት ግድ ይሆንበታል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባረፈበት ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያ የሚባለው በአብዛኛው ገላጣ ሜዳ ስለነበር፣ አብራሪው የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ማረፍ ይችል ነበር። አውሮፕላኖች እየከበዱና እየፈጠኑ ሲሄዱ ጠንካራና ረጅም ማኮብኮቢያ አስፈለገ፤ በዚያውም ነፋሱ ሲዞር የማይዞር አቅጣጫ መጣ።

የጎን ነፋስ ጫና የሚለካው በነፋሱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከማኮብኮቢያው ጋር በሚፈጥረው ማዕዘን ጭምር ነው። በአቪዬሽን ፍጥነት የሚነገረው በኖት ሲሆን አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። 20 ኖት የሚነፍስ ነፋስ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ በ30 ዲግሪ ሲያዘነብል ከጎን የሚገፋው ግማሹ ማለትም 10 ኖት ነው፤ በ45 ዲግሪ ሲሆን 14 ኖት ገደማ፣ በ60 ዲግሪ 17 ኖት ገደማ ይደርሳል፣ በ90 ዲግሪ ሲመጣ ደግሞ ሃያውም ኖት ሙሉ በሙሉ የጎን ነፋስ ይሆናል። ስለዚህ አንድ አብራሪ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚነፍስ ብቻ ሰምቶ ሊያርፍ አይወስንም፤ ከየት እንደሚነፍስም ማወቅ አለበት።

እጅና እግር በአንድነት

አውሮፕላን በሦስት መንገዶች ይዞራል። አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው በአግድም ጭራው ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው። ክንፎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉት በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ፣ ወደ ጫፍ አካባቢ የሚገኙት ኤለሮን የሚባሉ ክፍሎች ሲሆኑ፣ እነዚህን ሁሉ አብራሪው በእጁ በያዘው መሪ ያዛቸዋል። ሦስተኛው በቋሚው ጭራ ላይ የተገጠመው የጭራ መሪ ወይም ራደር ነው። ይህ ክፍል ክንፎቹን ሳያዘነብል አፍንጫውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚመልስ ሲሆን በተለመዱት አውሮፕላኖች የሚታዘዘው በሁለቱ የእግር ፔዳሎች ነው። ቀኙ ሲረገጥ አፍንጫው ወደ ቀኝ፣ ግራው ሲረገጥ ወደ ግራ ይሄዳል። በመሬት ላይም እነዚሁ ፔዳሎች በብዙ አውሮፕላኖች የአፍንጫውን ጎማ ያዞራሉ፣ ጫፋቸው ሲጫን ደግሞ የየጎማውን ፍሬን ይይዛሉ።

ይህ የእጅና የእግር መለያየት ለአብራሪው አንድ ታላቅ ነፃነት ይሰጠዋል፤ አውሮፕላኑ የሚጠቁምበትን አቅጣጫና የሚሄድበትን አቅጣጫ ለየብቻ መቆጣጠር ይችላል። የጎን ነፋስ ማረፊያ ጥበብ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ነፃነት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ አፍንጫን ወደ ነፋሱ አዙሮ መቅረብ ነው። ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ ለመሻገር የሚፈልግ ዋናተኛ ፊቱን ጥቂት ወደ ወንዙ ምንጭ እንደሚያዞር ሁሉ፣ አብራሪውም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን በመጠኑ አዙሮ፣ ክንፎቹንም አስተካክሎ በመያዝ በማኮብኮቢያው መሐል መስመር አቅጣጫ ይወርዳል። ነገር ግን አውሮፕላኑ እንዲህ እንደ ጠመመ መሬት ቢነካ ጎማዎቹ እየተንከባለሉ ሳይሆን በጎናቸው እየተጎተቱ ያርፋሉ። የሚጎተቱበት ፍጥነትም በግምት ከጎን ነፋሱ ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አብራሪው ጎማዎቹ መሬት ከመንካታቸው በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ፔዳሉን ረግጦ አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው ጋር ያስተካክላል፣ ነፋሱ ያለበት ወገን ክንፍ እንዳይነሣም በእጁ ወደዚያው ያዘነብለዋል። ቀድሞ ካስተካከለ አውሮፕላኑ ከመስመሩ መንሸራተት ይጀምራል፤ ከዘገየ ደግሞ ጎማዎቹና እግሮቹ ጫናውን ይቀበላሉ።

ሁለተኛው ዘዴ ከዚህ ቀደም ብሎ የሚጀመር ነው። አብራሪው በመጨረሻው የአቀራረብ ክፍል ነፋሱ ባለበት ወገን ያለውን ክንፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በተቃራኒው እግሩ ፔዳሉን ረግጦ አፍንጫው ወደዚያ እንዳይዞር ይይዘዋል። አውሮፕላኑ ያዘነበለበት መጠን ወደ ነፋሱ ሲስበው፣ ነፋሱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋው ሁለቱ ተመጣጥነው ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣሉ፤ በነፋሱ በኩል ያለው ጎማ አስቀድሞ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ሌላው፣ በመጨረሻም የአፍንጫው ጎማ ይከተላል። የዚህ ዘዴ አንድ ጥቅም ወሰኑን ራሱ መናገሩ ነው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦም አፍንጫው ከማኮብኮቢያው ጋር አልስተካከል ካለ፣ ነፋሱ ከአውሮፕላኑ አቅም በላይ ነውና አብራሪው ማረፉን ትቶ ኃይል ጨምሮ እንደገና መነሣት ይገባዋል። በዓለም ዙሪያ በበረራ ትምህርት ቤቶች የሚዘወተረው ሴስና 172 በሙከራ በረራ የታየለት የጎን ነፋስ 15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ አኃዝ በአምራቹ የሙከራ አብራሪ የተረጋገጠ እንጂ ጀማሪ ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ደረጃ አይደለም።

የጎማዎቹ አቀማመጥ

በጎን ነፋስ የሚሆነውን ነገር ለመረዳት ጎማዎቹ ከአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል አንጻር የት እንደተቀመጡ ማየት ያስፈልጋል። ጭራው ሥር ትንሽ ጎማ ባላቸው የቀድሞ አውሮፕላኖች ዋናዎቹ ጎማዎች ከክብደት ማዕከሉ ፊት ናቸው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ጠምሞ መሬት ሲነካ ጎማዎቹ ከፊት ይያዛሉ፣ ከኋላቸው ያለው ክብደት ግን በነበረበት አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል፤ በዚህም ምክንያት መጣመሙ እየባሰ ሄዶ አውሮፕላኑ በራሱ ዙሪያ ሊሽከረከርና ክንፉ መሬት ሊመታ ይችላል። ከአፍንጫው ሥር ጎማ ያላቸው አውሮፕላኖች ግን ዋናዎቹ ጎማዎቻቸው ከክብደት ማዕከሉ ኋላ ስለሆኑ ተቃራኒው ይሆናል፤ ጎማዎቹ ሲያዙ ክብደቱ ከፊት እየጎተተ አፍንጫውን ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይመልሰዋል።

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ለረጅም ጊዜ ያደገው ከሁለቱ አስቸጋሪው በሆነው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያ በረራው በጭራ ጎማ በሚቆመው ሲ-47 ነበር። ይህ አውሮፕላንና የሲቪል ወንድሙ ዲሲ-3 በኋላ በሀገር ውስጥ በሣርና በአፈር ማረፊያዎች ላይ ሲያገለግሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አየር መንገዱ «እሸት» የሚል ስም ሰጥቶ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠመው አግ-ካት የተባለው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላንም ድርብ ክንፍና የጭራ ጎማ ያለው ነበር። እነዚህን አውሮፕላኖች በየጠባቡ ማረፊያ ያሳረፉ አብራሪዎች አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ እንኳ እግራቸውን ከፔዳሉ ለማንሣት የማይቸኩሉ መሆን ነበረባቸው፤ የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን ቸልተኝነትን አይምርምና።

ያለ ፔዳል የበረረው ኤርኩፕ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድ ዊክ በሀገራቸው የአቪዬሽን ምርምር ተቋም ሲሠሩ የብዙ አደጋዎችን መንስኤ መርምረው፣ ልምድ የሌላቸው አብራሪዎች እጅና እግራቸውን አላግባብ ሲያቀናጁ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሽክርክሪት ውስጥ እንደሚገባ ተገነዘቡ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም ስሕተቱን የሚፈጥረውን መሣሪያ ማስቀረት ነበር። ኢንጂነሪንግ ኤንድ ሪሰርች ኮርፖሬሽን በተባለው ድርጅት የነደፉትና እ.ኤ.አ. በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤርኩፕ የራደር ፔዳል አልነበረውም። የእጅ መሪው ሲዞር ኤለሮኖቹ፣ በጭራው ላይ ያሉት ሁለቱ ራደሮችና የአፍንጫው ጎማ በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ፣ በወለሉ ላይ የቀረው አንድ የፍሬን ፔዳል ብቻ ነው። አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያነሣው ክፍልም ከልክ በላይ እንዳይሄድ ስለተገደበ አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1940 ሽክርክሪት ውስጥ የማይገባ ተብሎ በመንግሥት ተረጋገጠለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜሲስ በተባለው ትልቅ የሸቀጥ መደብር እስከ መሸጥ ደርሶ፣ በጠቅላላው ከ5,000 በላይ ተመርቷል።

እንዲህ ያለው አውሮፕላን በጎን ነፋስ እንዴት ያርፋል? የሚጠቁምበትንና የሚሄድበትን አቅጣጫ ለየብቻ መያዝ ስለማይችል ከሁለቱ ዘዴዎች ሁለተኛውን መጠቀም አይቻልም፤ የመጀመሪያውም ቢሆን የመጨረሻውን ማስተካከያ አያገኝም። አብራሪው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ እንዳዞረ፣ ክንፎቹን አስተካክሎ፣ ጠምሞ መሬት ይነካል። በዚህ ጊዜ በእጅ መሪው ላይ መታገል አይገባውም፤ ጥቂት ሲለቀው ዋናዎቹ ጎማዎች ከክብደት ማዕከሉ ኋላ በመሆናቸው አውሮፕላኑ በራሱ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይስተካከላል፣ ከዚያ አብራሪው መሪውን ይዞ በአፍንጫው ጎማ ይነዳዋል። ይህን የጎን ጉተታ ለመቀበል የኤርኩፕ እግሮች ረጅም እንቅስቃሴ ያለው የግጭት ማለዘቢያና ከኋላ የሚንጠለጠል የጎማ ክንድ ተደርጎላቸው ተሠርተዋል።

ስለዚህ ዊክ የጎን ነፋስን ችግር አላስወገዱትም፤ ከአብራሪው እግር ወደ አውሮፕላኑ እግር አዛወሩት እንጂ። ያው ጠምሞ ማረፍ ጭራው ሥር ጎማ ባለው አውሮፕላን ላይ ቢሞከር የመሬት ላይ ሽክርክሪት የሚያስከትል ሲሆን፣ በኤርኩፕ ግን የተለመደ አሠራር ሊሆን የቻለው የጎማዎቹ አቀማመጥና ጥንካሬ አስቀድሞ ለዚያ ስለታሰበበት ነው። ዋጋም አለው፤ የሚያርፈው ሰው በጣም ከፍ ብሎ ከደረሰ ሌሎች አብራሪዎች እጅና እግርን አጣርሰው በፍጥነት ዝቅ የሚሉበትን መንገድ አያገኝም፣ በጠባብ ማረፊያ ላይም የመጨረሻዋን ማስተካከያ አያደርግም። ዊክ ራሳቸው በኋላ ዘመናቸው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖችን ሲነድፉ ፔዳሉን መልሰው ማስገባታቸው ትርጉም ያለው ነው። በእርሻ ላይ ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ ለሚሠራ፣ ከመንገድና ከሜዳ ለሚነሣ አብራሪ የእግሩ ነፃነት የማይተካ መሣሪያ ነው።

የደጋው ስስ አየር

ይህ ሁሉ በባሕር ዳርቻም ሆነ በደጋ የሚሠራ ሕግ ቢሆንም፣ በባሌ ከፍታ ላይ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ከሰዓት በኋላ የአየሩ እፍጋት በመደበኛው የባሕር ወለል ካለው ወደ 73 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑና ሞተሩም 3,200 ሜትር አካባቢ በሚሆን ከፍታ እንደሚበሩ ሆኖ ይሰማቸዋል። ክንፉ በቂ የማንሣት ኃይል ለማግኘት በስሱ አየር ውስጥ በበለጠ ፍጥነት መጓዝ ስለሚኖርበት፣ መለኪያው 60 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ በ70 ኖት ገደማ ይጓዛል። በማረፊያው ላይ የሚንደረደርበት ርቀት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይረዝማል፣ ማረፉን ትቶ እንደገና ለመነሣት የሚገኘው የሞተር ኃይልም ይቀንሳል።

ከዚህ ጋር የጎን ነፋሱ ሲደመር ውጤቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በከፍተኛ ፍጥነት የሚቀርብ አውሮፕላን ያንኑ ነፋስ ለመቋቋም አፍንጫውን የሚያዞርበት ማዕዘን ትንሽ ስለሚያንስ ለዓይን ቀላል መስሎ ይታያል። ጎማዎቹ በጎናቸው የሚጎተቱበት ፍጥነት ግን ያው ነው፣ በመሬት ላይ የሚቆየው ሩጫ ደግሞ ረዝሟል። የራደሩና የኤለሮኖቹ ጉልበት የሚመነጨው በላያቸው ከሚያልፈው አየር በመሆኑ አውሮፕላኑ በዘገየ መጠን እየደከመ ይሄዳል፤ ነፋሱ ግን አይደክምም። ስለዚህ በደጋ ላይ የሚያርፍ አብራሪ ጎማዎቹ መሬት ከነኩ በኋላ ነው ይበልጥ መንቃት ያለበት፤ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሲሄድ ኤለሮኖቹን ወደ ነፋሱ እያበዛ፣ እግሩንም ከፔዳሉ ሳይለይ እስከ መቆሚያው መድረስ ይኖርበታል።

የነፋሱም ባሕርይ በዚህ ምድር የራሱ ሥርዓት አለው። ፀሐይ የተራራውን ተዳፋት ስታሞቅ አየሩ ቀን ቀን ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌሊት ደግሞ የቀዘቀዘው አየር ወደ ሜዳው ይወርዳል። በሲናና ሜዳ ላይ አዲስ የታረሰ ጥቁር አፈር፣ አረንጓዴ ቡቃያና የታጨደ ቃርሚያ ጎን ለጎን ስለሚገኙ እኩል አይሞቁም፤ ከሰዓት በኋላ ከመካከላቸው የሚነሣው ሞቃት አየር ነፋሱን አንዴ ብርቱ አንዴ ደካማ ያደርገዋል። ብርቱ ነፋስ የተራራውን ሸንተረር ተሻግሮ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ በሚወርድበት ወገን ወደ ታች የሚገፋና የሚታወክ አየር ይፈጥራል። በእነዚህ ምክንያቶች በደጋማ ስፍራ ለቀላል አውሮፕላን የሚመረጠው ሰዓት ማለዳው ነው፤ በዚያን ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛና እፍግ፣ ነፋሱም ብዙ ጊዜ ዝግ ያለ ነው።

ዝግጅቱ ከመሬት ይጀምራል

ቀላል አውሮፕላን በኢትዮጵያ ያበረከተው አገልግሎት ጥቂት አይደለም። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣልያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ሲያመላልሱ፣ ከጦርነቱም በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ሲያደራጁ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በረሀብ ለተጎዱ ወገኖች ከትናንሽ አውሮፕላኖች እህል ሲያወርዱ ታይተዋል። መድኃኒት ለማድረስ፣ አንበጣን ለመቆጣጠርም ሆነ የባሌ ተራሮችን የዱር እንስሳት ከአየር ለመቁጠር ወደፊትም ትንሹ አውሮፕላን ቦታ ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዝግጅት የሚጀምረው ከማረፊያው አቀማመጥ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ማኮብኮቢያዎች ከጊዜው ቢያንስ በ95 በመቶው የጎን ነፋስ ከተወሰነ ልክ በማይበልጥበት አቅጣጫ እንዲሠሩ ይመክራል፤ ልኩ ለረጃጅም ማኮብኮቢያዎች 20 ኖት፣ ለአጫጭሮቹ ግን 10 ኖት ብቻ ነው። ትንሹ አውሮፕላን የሚገለገልበት ትንሹ ማረፊያ ከትልቁ ይልቅ የነፋሱን ልማድ አጥንቶ መሠራት እንዳለበት ይህ አኃዝ በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ በአንድ የደጋ ሜዳ ላይ ማኮብኮቢያ ከመጠረጉ በፊት ነፋሱ በበጋም በክረምትም፣ በማለዳም በቀትርም መለካት፣ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚው ጨርቅ ከሩቅ በሚታይበት ስፍራ መቆም፣ በረራዎችም በተቻለ መጠን በማለዳ መመደብ አለባቸው። የአብራሪዎቹ ሥልጠናም በመለኪያዎችና በኮምፒውተር እየተራቀቀ ቢሄድ እንኳ የእግርን ሥራ ችላ ማለት የለበትም። ጫናውን ኤርኩፕ በጎማው፣ ሴስና በአብራሪው እግር፣ በደንብ የተጠና ማረፊያ ደግሞ በአቅጣጫው ይሸከሙታል፤ አንዳቸውም ያልተዘጋጁለት ነፋስ ግን ጫናውን በተሳፋሪው ላይ ይጥላል። በባሌ ደጋ፣ አየሩ ስስ በሆነበትና ለስሕተት የተተወው ርቀት ባጠረበት ስፍራ፣ ሦስቱም በአንድነት መዘጋጀታቸው ለሰው ሕይወት የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው።